የሜጅ ዳሜጅ የሚያልቀው የት ነው?

ሬይድ (የጋራ ውጊያ) አልቆ ማን ስንት ዳሜጅ (ጉዳት) እንዳደረሰ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ሲወጣ ስሙን ከታች ያገኘ ሜጅ (አስማተኛ) መጀመሪያ የሚያማርረው ልብሱን ነው። «ጊሬ ደካማ ስለሆነ ነው እንጂ» ይላል። አዳማ ውስጥ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የምንጫወት ብዙ አይደለንም፤ እዚህ ጌም ቤት ከተገባ ኳስ ነው፣ ካልሆነም ተኩስ። ሜጅ ከሚጫወቱት ጋር በተገናኘሁ ቁጥር ግን ይህንኑ ንግግር እሰማለሁ። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የአብዛኛው ሜጅ ዳሜጅ የሚባክነው በአንዱ ስፔል (አስማታዊ ምት) እና በሚቀጥለው መካከል ባለችው ባዶ ጊዜ ነው። ልብሱም፣ ሂቱም (ምቱ የመንካት ዕድሉ)፣ ክሪቱም (ከተለመደው አብልጦ የመምታት ዕድሉ) የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ወደነሱ እንመጣለን። ቅድሚያ ግን ለጊዜው።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ኦንላይን ጌም ሲሆን ክላሲክ የሚባለው የመጀመሪያው መልኩ በ2019 እንደገና ተከፍቷል። ሬይድ ማለት እስከ 40 ሰው አንድ ላይ ሆኖ ብቻውን ማንም የማይችለውን ቦስ የሚገጥምበት ነው። ታንኩ ቦሱን ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል፣ ሂለሮች የተጎዳውን ያክማሉ፣ የቀሩት ይመታሉ። ሜጅ ከሚመቱት ወገን ነው፤ በርቀት ቆሞ በበረዶ፣ በእሳት ወይም በአርኬን ይመታል። ሰውነቱ ስስ ነው፤ ቦሱ ወደ እሱ ከዞረ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ምት ይወድቃል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የበረዶ ሜጅ ዋና ስፔል ፍሮስትቦልት ነው። ሲጀመር 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ታለንቱ (ደረጃ ሲያድግ የሚመረጠው ተጨማሪ ችሎታ) ሲሞላ ወደ 2.5 ሰከንድ ይወርዳል። ቦሱ በ3 ደቂቃ የሚወድቅ ነው እንበል። 180 ሰከንድ ለ2.5 ሲካፈል 72 ይመጣል፤ ያለ ምንም ክፍተት የሚመታ ሜጅ 72 ቦልት ይወረውራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቦልት መካከል የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ብቻ የሚያባክነውስ? አንዱ ቦልት በተግባር 2.8 ሰከንድ ይሆንበታል፤ 180 ለ2.8 ሲካፈል 64 ነው። ስምንት ቦልት ጠፋ። ሦስት አሥረኛ ሰከንድ በዓይን የምትታይ እንኳ አይደለችም።

ይህ ስንት ልብስ ያህላል? ፍሮስትቦልት ከስፔል ፓወር (ልብስ ለስፔል ከሚጨምረው ጉልበት) የሚወስደው 81 በመቶ ገደማ ነው፤ 100 ስፔል ፓወር ብትጨምሩ ቦልቱ ላይ የሚታየው 81 ነው። ክሪት ያልሆነው ቦልታችሁ በአማካይ 750 የሚመታ ከሆነ እነዚያን ስምንት ቦልቶች በልብስ ለመተካት 100 ስፔል ፓወር ገደማ ያስፈልጋችኋል። ያን ያህል ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ስንት ጊዜ በሮል (በዕጣ) እንደምትሸነፉ የተጫወተ ያውቀዋል። ከጣታችሁ ግን ዛሬውኑ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ ጌም ቤት ከአንድ ወጣት ሜጅ ጎን ተቀምጬ ስክሪኑን አይ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ቦሶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፣ ልብሱም ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። ግን የካስት መስመሩ (ስፔሉ እስኪወጣ የሚሞላው) እስከ ጫፍ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ቦልቱ ሲበር በዓይኑ ይከተለዋል፣ ከዚያ ቁልፉን ይጫናል። በዚህ መሐል ስክሪኑ ላይ ያለው ሜጅ ሁለት እጁን ወደ ጎኑ ያወርድና እንደገና ያነሳል። ምልክቱ ይኸው ነው። በትክክል የሚመታ ሜጅ እጁ አይወርድም፤ ካንዱ ቦልት ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁ እንደተነሳ ይቆያል። «ወንድሜ፣ እጁን እየው» ብዬ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን መስመሩ ከመሙላቱ በፊት ይጫን ጀመር።

አስቀድሞ መጫን የሚሠራው በምክንያት ነው። ጌሙ ውስጥ የስፔል ወረፋ የሚባል አሠራር አለ። አንዱ ካስት ሊያልቅ 400 ሚሊሰከንድ ሲቀረው የምትጫኑት ቀጣይ ስፔል ውድቅ አይደረግም፤ ወረፋ ይይዝና የመጀመሪያው እንዳለቀ ወዲያው ይጀምራል። 400 ጌሙ ሲጫን አብሮት የሚመጣው ቁጥር ነው። ስለዚህ መስመሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መጫን ነው፤ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ብትጫኑም ጉዳት የለውም።

ይህ ነገር እኛን ከአውሮፓ ልጆች ይበልጥ ይመለከተናል። ከአዳማ ተነስታችሁ ምዕራብ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ስትጫወቱ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ የቁልፋችሁ መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ምንም ዓይነት ኔትወርክ ቢኖራችሁ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። በተግባር ደግሞ ገመዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሚዞረው፤ መንገድ ላይም ብዙ መሣሪያ ያልፋል። ፒንጉ (የመልእክቱ ደርሶ መልስ ጊዜ) 200 ሚሊሰከንድ የሆነበት ሰው መስመሩ ሲሞላ አይቶ ቢጫን፣ ዓይኑ አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ ሌላ ሩብ ሰከንድ ያህል ይጨመርበታል። ሲደመር ወደ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ በየቦልቱ። ቀድሞ የሚጫን ሰው ግን ትእዛዙ ካስቱ ሳያልቅ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፤ ርቀቱ ምንም አይጎዳውም ማለት ይቻላል። አዳማ ተቀምጦ ከፓሪስ ልጅ እኩል መምታት የሚቻለው በዚህ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ሰው በርቀቱ ተስፋ ቆርጦ ሲተወው ስለማዝን ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ሌባ እግር ነው። ሜጅ ሲራመድ ካስቱ ይቋረጣል። 2 ሰከንድ ቆጥራችሁ ግማሽ ሰከንድ ሲቀር አንድ እርምጃ ብትንቀሳቀሱ ሁለቱም ሰከንድ ጠፋ። ስለዚህ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት የት እንደምትቆሙ እወቁ። የበረዶ ስፔል የሚደርሰው 30 ያርድ ነው፣ አርክቲክ ሪች የሚባለውን ታለንት የወሰደ 36 ይደርሳል። ከዚያ ክልል ጫፍ ላይ ቆማችሁ ታንኩ ቦሱን ትንሽ ቢያንቀሳቅሰው «ከክልል ውጪ ነው» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ይመጣና መሮጥ ትጀምራላችሁ። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ግቡ። መንቀሳቀስ ግድ ሲሆን ካስቱ ባለቀበት ቅጽበት ተነሱ፤ እየሄዳችሁም ፋየር ብላስትን ተጠቀሙ፣ እሱ ካስት የለውም። እሳት እግራችሁ ስር ከነደደ ግን ካስቱን ሳታስቡ ጥላችሁት ውጡ። የሞተ ሜጅ የሚመታው ዜሮ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንለፍ። ከቁጥሮቹ ሁሉ መጀመሪያ መሞላት ያለበት ሂት ነው፤ ምክንያቱም ያልነካ ቦልት ጊዜውንም ማናውንም (ስፔል ለመወርወር የሚወጣውን ጉልበት) በልቶ የሚሄድ ነው። የእናንተ ደረጃ 60 ነው፣ የሬይድ ቦስ ደግሞ እንደ 63 ይቆጠራል። በዚህ ልዩነት ከ100 ስፔል 83 ብቻ ይነካል፤ 17ቱ ይስታል። ጣሪያው 99 በመቶ ነው፤ ምንም ብታደርጉ 1 በመቶ መሳት አይቀርም። ስለዚህ የሚያስፈልገው 16 በመቶ ሂት ነው። ኤለመንታል ፕሪሲዥን የተባለው ታለንት ለበረዶና ለእሳት 6 በመቶ ይሰጣል፤ የቀረውን 10 በመቶ ከልብስ ታመጣላችሁ። ከዚያ በላይ አንዲት ሂት ብትጨምሩ ጥቅም የላትም፤ ሰው ሳያውቅ 13 እና 14 ለብሶ የሚዞርበት ጊዜ አለ፣ ያ ልብስ በስፔል ፓወር ቢተካ ይሻለዋል።

ቅድም የያዝነውን ባለ 750 ቦልት እንደ ምሳሌ እንቀጥልበትና ክሪታችሁ 20 በመቶ ነው እንበል። ታለንቱ ተሞልቶ የሂት ጣሪያው ላይ ላልደረሰ የበረዶ ሜጅ 1 በመቶ ሂት ከ10 ስፔል ፓወር ጋር ይቀራረባል። 1 በመቶ ክሪት ደግሞ ወደ 8 ገደማ ነው። ልብስ ሲወድቅ «የቱን ልውሰድ?» ብሎ መጨነቅ ቀረ፤ ሁሉንም ወደ ስፔል ፓወር ቀይሮ መደመር ነው። ስታሚና (ሕይወት የሚጨምር) እና ኢንተለክት (ማና የሚጨምር) ብዙ ስላለው ብቻ ቀለሙ ያማረ ልብስ የሚመርጡ ሰዎች አሉ። ለሬይድ አይሆንም። ያ ልብስ ረጅም ዕድሜ ይሰጥ ይሆናል፣ ቦሱን ግን አይጥልም።

በረዶ ወይስ እሳት የሚለው ክርክር ብዙ ሌሊት አስነስቶናል፤ መልሱ ያለው ግን ቦሱ ጋ ነው። በመጀመሪያው ትልቅ ሬይድ፣ በሞልተን ኮር፣ የመጨረሻው ቦስ ራግናሮስ ራሱ እሳት ነው፤ የእሳት ስፔል አይነካውም። ሌሎችም ብዙዎቹ እዚያ እሳትን ይቋቋማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁሉም በረዶ ነው። የበረዶ ሜጅ አይስ ሻርድስን ከሞላ ክሪቱ እጥፍ ይመታል፤ ዊንተርስ ቺል ደግሞ ቦሱ ላይ አምስት ጊዜ ሲደራረብ ለበረዶ ሜጆች ሁሉ 10 በመቶ ክሪት ይጨምራል። በኋለኞቹ ሬይዶች፣ በአንኪራጅና በናክስራማስ፣ ነገሩ ይገለበጥና እሳት ይነግሣል። እዚያም ቢሆን ናክስራማስ ውስጥ ሳፊሮን የተባለውን ዘንዶ በረዶ አይነካውም፤ በረዶ ብቻ ይዞ የመጣ እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

እሳት ለምን ይነግሣል? ኢግናይት ስላለ። የእሳት ሜጅ ክሪት ሲመታ የክሪቱ 40 በመቶ በ4 ሰከንድ ውስጥ ቦሱን ማቃጠል ይቀጥላል። ክሪቱ 1,000 ከሆነ 200 እና 200 ሆኖ በየሁለት ሰከንዱ ይወርዳል። እስካሁን ቀላል ነው። ወሳኙ ነገር ቦሱ ላይ ያለው ኢግናይት አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሁሉም ሜጆች ነው። የእኔ ክሪት ባቀጣጠለው ላይ የእናንተ ክሪት ይደመርበታል፣ የሌላውም ይደመራል፣ እስከ አምስት ድረስ። ከአምስት በኋላ የሚመጣ ክሪት መጠኑን ባይጨምርም 4 ሰከንዱን እንደገና ያስጀምረዋል። ልክ እንደ ምድጃ ነው፤ እንጨት የሚማግድ እስካለ አይጠፋም። አምስት ትልልቅ የፋየርቦል (የእሳት ሜጅ ዋና ስፔል) ክሪቶች ተደራርበው ከያዙት፣ ሜጆቹም ተከታትለው ክሪት ካላቋረጡ፣ በየሁለት ሰከንዱ የሚወርደው ቁጥር የአንድ ሙሉ ፋየርቦል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ አምስቱ ቦታዎች በምን እንደተሞሉ ወሳኝ ነው። ስኮርች 1.5 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ትንሽ ስፔል ነው፤ በስኮርች ክሪት የተሞላ ኢግናይት ደካማ ሆኖ ይቆያል። ግን ስኮርች ከነጭራሹ አይተውም፣ ምክንያቱም ታለንቱ ሲኖር አምስት ጊዜ ተደራርቦ ቦሱ ከእሳት የሚቀበለውን ጉዳት 15 በመቶ ያሳድጋል፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልታደሰም ይወድቃል። ጥሩ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ውስጥ መጀመሪያ ሜጆቹ በስኮርች አምስቱን ያደርሳሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ማደሱን ይረከባል፣ ሌሎቹ ወደ ፋየርቦል ይሻገራሉ። ማደሱን የሚረከበው ሰው በሰንጠረዡ ዝቅ ይላል። ለሁሉም የሚሠራው እሱ ነውና ምስጋና ይገባዋል፤ ስሙ ከታች ሆኖ የማየው ጥሩ ሜጅ ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ የያዘው ነው።

ሁለተኛው፣ ኢግናይቱ በሰንጠረዡ ላይ የሚቆጠረው መጀመሪያ ክሪት ላገኘው ሜጅ ነው። አምስት ሰው የማገደበት እሳት በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። ስለዚህ በእሳት ሬይድ ሰንጠረዡን ብቻ አይታችሁ «እሱ ከእኔ እጥፍ ይመታል» አትበሉ። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ትሬቱም ወደዚያው ሰው ይሄዳል።

ትሬት ማለት ቦሱ ማን ላይ እንደሚዞር የሚወስነው ሒሳብ ነው። ለሜጅ አንድ ዳሜጅ በመሠረቱ አንድ ትሬት ነው። በርቀት የሚመታ ሰው ቦሱን የሚነጥቀው የታንኩን ትሬት 130 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ታንኩ 10,000 ላይ ካለ እናንተ 13,000ን ስትሻገሩ ቦሱ ይዞርባችኋል። በረዶም እሳትም ትሬትን 30 በመቶ የሚቀንስ ታለንት አላቸው፤ አትዝለሉት። ከሁሉ አደገኛው ጊዜ መጀመሪያው ነው። ታንኩ ቦሱን እንደያዘ ሦስት አራት ምት እስኪያሳርፍ ጠብቁ፤ አርኬን ፓወር የመሳሰለውን ጉልበት ሁሉ በመጀመሪያው ሰከንድ አፍስሶ ሁለት ክሪት የደረበ ሜጅ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው መሬት ላይ ተዘርሮ ነው። ትሬት የሚያሳይ አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫኑ፤ የታንኩ 110 በመቶ አካባቢ ስትደርሱ ለአንድ ቦልት ያህል ትንፋሽ ውሰዱ። ሙሉውን ውጊያ ከመተኛት አንድ ቦልት መተው ይሻላል።

ማና ብዙ አያስቸግርም፣ ሰው ዘግይቶ ስለሚጠቀምበት ነው የሚያልቀው። ማና ሩቢ የተባለው ድንጋይ ከ1,000 እስከ 1,200 ማና ይመልሳል፣ ከ2 ደቂቃ በኋላም ሌላ የማና ድንጋይ መጠቀም ይቻላል። ማናችሁ ከሙሉው 1,200 እንደጎደለ ወዲያው ተጠቀሙበት፤ እንዲህ ካደረጋችሁ በረጅም ውጊያ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ። እስከ መጨረሻ ያቆየው አንድ ብቻ ያገኛል። ፖሽንም እንዲሁ። ማና የሚመልሰው ኢቮኬሽን 8 ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ ስለሚፈልግ ቦሱ ጸጥ የሚልበትን ጊዜ ምረጡለት።

መጠጥና ዘይት በአጭሩ፦ ፍላስክ ኦፍ ሱፕሪም ፓወር 150 ስፔል ፓወር ይሰጣል፣ 2 ሰዓት ይቆያል፣ ብትሞቱም አይጠፋም፤ ውድ ስለሆነ ለከባድ ሬይድ አቆዩት። ግሬተር አርኬን ኤሊክሰር 35፣ ብሪሊያንት ዊዛርድ ኦይል ደግሞ 36 እና 1 በመቶ ክሪት ይሰጣሉ፤ እነዚህን ሁለቱን ሳይዙ ሬይድ መግባት አይገባም።

አሁን ሰንጠረዡ የማይቆጥረውን ላንሳ። በሞልተን ኮር የመጀመሪያው ቦስ ሉሲፍሮን የሚጥለው እርግማን የሁሉንም ሰው የስፔል ዋጋ እጥፍ ያደርገዋል። ጌሄናስ የተባለው ደግሞ በእርግማኑ ሕክምናን 75 በመቶ ይቀንሳል፤ ታንኩ ላይ ካረፈ ሂለሮቹ የቱንም ያህል ቢለፉ አይደርሱለትም። እርግማን ከሚያነሱት አንዱ ሜጅ ነው። አንድ እርግማን ማንሳት 1.5 ሰከንድ ይወስዳል፣ ከአንድ ፍሮስትቦልት ያነሰ ነው። ያንን ሰከንድ ለዳሜጁ ሲል የሚነፍግ ሜጅ አያለሁ፤ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ ይሆናል፣ ቦሱም አይወድቅም። እንዲህ ያለውን አንደኛ እኔ አንደኛ አልለውም።

ያለ ክፍተት መምታትን ለመለማመድ ግን ብላክዊንግ ሌየር በተባለው ሬይድ ካለው ቦስ ከቫየላስትራዝ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ውጊያው ሲጀመር ለሁሉም ሰው የማያልቅ ማና ይሰጣል፣ ለ3 ደቂቃ። ማና ሰበብ አይሆንም፣ ብዙም መንቀሳቀስ የለም፤ የቀረው እጅና ቁልፍ ብቻ ነው። በርኒንግ አድሬናሊን የሚባለው ያረፈበት ሜጅ ስፔሉ ሁሉ ያለ ካስት ይወጣል፣ ዳሜጁም እጥፍ ይሆናል፤ ግን ሊሞት ነው፣ ሲሞትም አጠገቡ ባሉት ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ከሰው መሐል ወጥቶ ብቻውን ይቁም፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ ይምታ።

ስለ እኛ ከተማ ሁለት ነገር ልጨምር። የአዳማ ሙቀት ላፕቶፕን ያዳክማል፤ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ 40 ሰው ስፔል በሚወረውርበት ሰዓት ስክሪኑ መንተፋተፍ ይጀምራል። የስፔል ምስሎችን ጥራት ዝቅ አድርጉ፣ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋችሁ ከስሩ አየር እንዲያገኝ አድርጉ። ሌላው ሰዓት ነው። የአውሮፓ ጊልድ «20:00» ሲል በእነሱ ክረምት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ግን ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 3 ሰዓት ይሆናል። በሚቀየርበት ሳምንት አንድ ሰዓት ዘግይቶ የሚገባ ሰው ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ይጠብቀዋል።

ከሬይድ በኋላ ራሳችሁን ልትለኩ ስትፈልጉ የዳሜጁን ደረጃ ተዉትና ሎጉን (የውጊያውን መዝገብ) ክፈቱ። ውጊያው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እዩ፣ ለ2.5 አካፍሉት፤ ከዚያ ስንት ፍሮስትቦልት እንደወረወራችሁ ቁጠሩ። ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ ባለፈ ውጊያ ከሚቻለው ከ100 እጅ 95 ያህሉን ካገኛችሁ ጣታችሁ ደህና ነው፤ ያኔ ልብስ ፍለጋ ሂዱ። 85 ወይም 80 ከሆነ ግን ሎጉ ላይ ወደ እያንዳንዱ ካስት ግቡና ክፍተቶቹ የት እንዳሉ እዩ፦ በየቦልቱ ትንንሽ ከሆኑ ቁልፉን ዘግይታችሁ ነው የምትጫኑት፤ አልፎ አልፎ ትልልቅ ከሆኑ ደግሞ የምትቆሙበትን ቦታ ቀይሩ።